በዑምኩልሱም ቆጣሪ ላይ

ጥር 23 ቀን 2015፣ ሐይቅ

ይህን ደብተር ማንም ቢከፍተው አስቀድሞ አንድ ነገር ይረዳልኝ፦ በእኛ ሰፈር አንድ ቆጣሪ ማለት አንድ ቤት ማለት አይደለም።

ጦርነቱ አልፎ መብራት ሲመለስ የላይኛው መንገድ ምሰሶዎች ቆመው ነበር፤ የእኛ፣ የታችኞቹ፣ ወድቀው ነበር። የዓሣ ነጋዴዋ የዑምኩልሱም ቤት የላይኛው ጠርዝ ላይ ነው። ከመስኮቷ ገመድ ወጥቶ ወደ ሦስት ቤቶች ተዘረጋ፦ ወደ ልብስ ሰፊው ሰዓድ፣ ወደ ዳቦ ጋጋሪዋ ተሻለች፣ ወደ እኔ። አምና ከጥር እስከ ሐምሌ፣ የእኛ ምሰሶ እስኪቆም፣ እንደዚያ ኖርን። ቢል አይመጣም ነበርና በየወሩ በአምፖል ቁጥር እየገመትን እንሰጣት ነበር። የእኔ ሁለት አምፖልና አንድ ሬዲዮ ነው። አንድም ወር ሳልከፍል አላለፍኩም። ሒሳባችን ተዘግቷል።

ይህን የጻፍኩት ባለፈው እሑድ የቅሬያችን ጸሐፊ ሆኜ ስለተመረጥኩ ነው። ቅሬው ሙታናችንን የምንቀብርበት፣ ሐዘንተኛ ቤት ምግብ ይዘን የምንሄድበት ማኅበር ነው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ላይ ነው። አሁን ሌላ ሥራ ተጨምሮበታል። አዲስ አበባ ያሉ የሰፈራችን ልጆች ገንዘብ አዋጥተው፣ የመብራት ዕዳ የተከመረባቸው ቤቶችና ትንንሽ ሱቆች ይቃለልላቸው ብለው ልከዋል። በዚያ ክፉ ጊዜ ቆጣሪ የሚያነብ ሰው መዞር ስላልቻለ የብዙ ወር ፍጆታ በአንድ ጊዜ ተጠቃሎ መጥቷል። ያልከፈለ ይቆረጥበታል። ገንዘቡ በማንም እጅ አይገባም። ቅሬው ስም ያጸድቃል፤ ባለቆጣሪው ራሱ ቀርቦ ቀሪውን በየወሩ ለመክፈል ይፈርማል፤ ከዚያ በቀጥታ ይከፈልለታል። እስከ መጋቢት መጨረሻ ያልፈረመ ሰው ድርሻው ወደ ሌላ ሰፈር ያልፋል።

የቅሬው ዳኛ ሽታው «ጋሼ ማዕረግ ካሉበት አንዲት ሳንቲም አትጠፋም» አለ። «ነጠላ ሰረዝም አትጠፋም!» አለ ከኋላ አንዱ የቀድሞ ተማሪዬ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ባለቤቴ ሰርካለም ካረፈች ወዲህ ሰው መሐል ስስቅ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

ጥር 28

ደንቡን አርቅቄ አቀረብኩ። አምስት አንቀጽ ነው። ዋናው ሦስተኛው ነው፦ ለአንድ ቆጣሪ አንድ ድርሻ፤ ድርሻው ለሁሉም እኩል። ማንም በዘመድ፣ ማንም በጩኸት እንዳያገኝ። አጸደቁት። ሽታው «ይሄ እንደ ፈተና ነው፣ ኩረጃ የለበትም» አለ።

እኔ ውዝፍ ዕዳ ስለሌለብኝ ከተጠቃሚነት ውጭ ነኝ። ጸሐፊ ለራሱ ጻፈ እንዳይባል ይህ ጥሩ ነው። ስለ አምናው ገመድ በስብሰባው ያነሣ የለም። የሚነሣበትም ምክንያት የለም።

የካቲት 1

ቢል ስቀበል ዋልኩ። ዑምኩልሱም ከሰዓት በኋላ መጣች፤ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልላ ከዓሣው ጋር ይዛው ኖሯል።

«ሸተትኩብዎት መሰለኝ፣ ጋሼ።»

«ወረቀቱ ነው የሸተተው» አልኳት።

«እሱማ ሳይከፈትም ይሸታል» ብላ ሳቀች።

ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከመጡት ሁሉ የሚበልጥ ነው፤ ከሚከተለው ሦስት እጥፍ ይሆናል። «ይሄ ሁሉ?» አልኩ።

«ፍሪዘሩ ነዋ» አለች። ከዚያ መሬት መሬት አየችና «ይመዝግቡኝ እንግዲህ፣ ጋሼ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ከምንም ይሻላል» አለች።

መዘገብኩ። ባሏ ጁሃር በጦርነቱ ዓመት ወደ ኮምቦልቻ እንደወጣ አልተመለሰም። ሞተ ያለ የለም፣ አለ ያለም የለም። ልጇን ፈዲላን በዓሣ ነው የምታስተምረው። ዓቢይ ጾም ሊገባ ነው፤ ገበያዋ ያኔ ነው። ከደሴ ድረስ ምግብ ቤቶች ሰው ይልኩባታል።

የካቲት 5

ስብሰባ። ስሞች ጸደቁ። የዑምኩልሱም ሲነበብ ጉርምርምታ ሆነ።

ሽታው፦ «አንዲት ሴት ብቻዋን ይህን ሁሉ መብራት ምን አድርጋ አቃጠለችው?»

«ዓሣውን ሌሊት ሌሊት ፊደል ስታስቆጥረው ነዋ!» አለ ባጃጅ ነጂው ጁማ። አዳራሹ ሳቀ። ሰዓድ መርፌ የሚፈልግ ይመስል ኪሱን ይዳብስ ነበር። ተሻለች ነጠላዋን አስተካከለች። ዑምኩልሱም ከሴቶቹ መሐል ነበረች፤ እሷም ፈገግ አለች።

እኔ ቃለ ጉባኤ እየጻፍኩ ነበር። ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው አስተያየት አይሰጥም። ሥርዓቱ ነው።

በደንቡ መሠረት አንድ ድርሻ ደረሳት። ከዕዳዋ ሩቡን እንኳ አይሸፍንም። ሰዓድና ተሻለች ምሰሶው ከቆመ በኋላ በየራሳቸው ቆጣሪ ለመጣባቸው ዕዳ አንድ አንድ ድርሻ ደረሳቸው፤ የእነሱ ከሞላ ጎደል ተዘጋ።

የካቲት 6

ዝርዝሩን በቅሬው ዕቃ ቤት በር ላይ ለጠፍኩ። በማስመሪያ አስምሬ፣ ርዕሱን በቀይ፣ ስሞቹን በሰማያዊ። ብዙ ዕዳ ያለበት ቀድሞ እንዲታይ ከትልቁ ወደ ትንሹ ደረደርኩት፤ ተራ ቁጥርም ሰጠሁት። የክፍል ውጤት በየሴሚስተሩ ስለጥፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሁሉም በዓይኑ ካየ ሐሜት አይኖርም።

ጥሩ ሥራ ነው። ልጄ ማርያማዊት ከአዲስ አበባ ደውላ ነበር፤ ነገርኳት። «አባዬ፣ የሰውን ዕዳ በር ላይ?» አለች። ስለ ግልጽነት አስረዳኋት። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ። «አለሁ» አለች።

የካቲት 7

ከዕቃ ቤቱ ፊት ሰው ተሰብስቦ ነበር። ወደ ቤት ሳልፍ የሰማሁትን እጽፋለሁ።

ጁማ ባጃጁን አቁሞ፦ «ዑሜ! እንኳን ደስ አለሽ! አንደኛ ወጣሽ እኮ!»

ሌላ ድምፅ፦ «ሽልማቱ ምንድን ነው? እስክሪብቶ ነው ደብተር?»

«ወላጅሽን ይዘሽ ነይ በሏት!»

ዑምኩልሱም ቅርጫቷን ይዛ ቆማ ነበር። «አጀብ!» አለች እየሳቀች፣ «እድሜዬን ሙሉ ስወድቅ ኖሬ ዛሬ አለፍኩ በሉኛ!» ሁሉም ሳቀላት።

ከዚያ አየችኝ። ሳቋን ወዲያው አላቆመችም፤ ትንሽ ቆይታ ነው ያቆመችው።

የካቲት 8

ለመፈረም ቀጠሮዋ ዛሬ ነበር። አልመጣችም።

የካቲት 9

ሱቋ ዝግ። የመብራት ኃይል ሰዎች መጥተው ቆርጠው ሄዱ። በሕጋቸው ነው፤ ማስጠንቀቂያው ካለፈ ቆይቷል። ጎረቤት እንዳለው ፍሪዘሩን ገልብጣ ዓሣውን ለሰፈሩ ልጆች በነጻ ሰጠች። ለእኔ አልላከችም።

ዝርዝሩን ከበሩ ላይ አንሥቼዋለሁ። ሁሉም ስላየው ከእንግዲህ አያስፈልግም።

የካቲት 10

ማምሻውን በሬ ተንኳኳ። ዑምኩልሱም ናት። አልገባም አለች። በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ሰጠችኝ፤ ቀዝቃዛ ነው።

«የእትዬ ሰርካለም ነው፣ ጋሼ። ሁለት ብልቃጥ ተርፎ ነበር። መጣል አቃተኝ። ፍሪዘሩ ስለተቆረጠ ነው…»

ሰርካለም የስኳር ሕመምተኛ ነበረች። መርፌዋ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ እኛ ማቀዝቀዣ የለንም። በገመዱ ዘመን ዑምኩልሱም መድኃኒቱን በረዶ እንዳይነካው ከዓሣው ለይታ፣ ለብቻው በክዳን ዕቃ ታስቀምጠው ነበር። ጠዋትና ማታ እየሄድኩ አመጣ ነበር። በር ሳላንኳኳ የምገባበት ብቸኛ ቤት ነበር። ሰርካለም ሐምሌ ላይ ካረፈች ወዲህ ገብቼበት አላውቅም፤ ሥራ ይበዛብኛል።

«አመሰግናለሁ» አልኳት። «የፊርማው ቀን አልፎሻል፤ ነገም ይቻላል» አልኳት።

«እሺ ጋሼ» አለች።

መድኃኒቱ ጊዜው ያለፈበት ነው። በአግባቡ አስወገድኩት።

የካቲት 11

ትናንት የጻፍኩት ስሕተት ነው። አላስወገድኩትም። መሳቢያ ውስጥ ነው።

የካቲት 13

ጾም ገባ። ከጠዋት ጀምሮ ሰው ዑምኩልሱም ሱቅ በር ላይ ቆሞ ይመለሳል። ከደሴ የመጣ ሚኒባስ ሾፌር «ዓሣ የለም ወይ?» ይላል። አንዱ የሰፈራችን ሰው «ለመሆኑ በዓቢይ ጾም ዓሣ ይበላል?» ሲለው፣ «የንስሐ አባቴ ካላዩኝ ይበላል» አለው። በሌላ ጊዜ ቢሆን ሰርካለም ይህን ስነግራት ትስቅ ነበር።

የካቲት 15

ሄዳለች። ፈዲላንም ይዛ። ትናንት ጎህ ሲቀድ በውጫሌ መኪና ተሳፍረው ያያቸው አለ። ወንድሟ ዑበይዱላህ እዚያ እህል ይነግዳል። የቤቱን ቁልፍ ለተሻለች ሰጥታለች። ምንም መልእክት የለም። ስልኳ አይሠራም።

ልጅቱ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ዘንድሮ የሚኒስትሪ ፈተና አለባት።

ትመጣለች። ሰው ሲናደድ እንደዚህ ያደርጋል። ትመጣለች።

የካቲት 16

እንቅልፍ አልወስድ ሲለኝ ቢሎቹን ለማመሳከር ተቀመጥኩ። በተሻለችና በዑምኩልሱም ቢል ላይ የአንድ ኪሎዋት ዋጋ ተለያየብኝ። የዑምኩልሱም ብዙ ይበልጣል። ስሕተት ነው ብዬ የማመልከቻ ረቂቅ ጀመርኩ። በመሐሉ እጄ ቆመ።

ስሕተት አይደለም። ጥቂት የሚጠቀም በርካሽ፣ ብዙ የሚጠቀም በውድ እንዲከፍል ነው ታሪፉ የተሠራው። ፍጆታ ከፍ ሲል የእያንዳንዱ ኪሎዋት ዋጋም ከፍ ይላል። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ግን አራት ቤት በአንድ ቆጣሪ ላይ ሲሰበሰብ ምን እንደሚሆን አንድ ቀን ተቀምጬ አላሰላሁትም። የተሻለች የዳቦ ምድጃ፣ የሰዓድ ካውያ፣ የእኔም፣ ሁሉም ተደምሮ ዑምኩልሱምን እላይኛው እርከን ላይ አወጣት። የራሷን ፍሪዘር፣ የራሷን አንድ አምፖል ሳይቀር በእኛ ምክንያት በውድ ስትከፍል ነበር። እኛ ደግሞ በአምፖል ቆጥረን፣ በርካሹ ዋጋ ገምተን፣ አመስግነናት ሄድን።

ቢሉ ጥቅምት ላይ ሲመጣባት ልትነግረን ትችል ነበር። አልነገረችንም። «ፍሪዘሩ ነዋ» አለችኝ። ስሟን በር ላይ ስለጥፍም አልነገረችኝም።

እኔ ደግሞ ለአንድ ቆጣሪ አንድ ድርሻ ብዬ ደንብ አወጣሁ። ገመዱን የሳብኩት ሰውዬ።

የእኔ ሁለት አምፖል፣ ሬዲዮና ምድጃ ነበር። ምድጃውን ከላይ አልጻፍኩትም። ለሰርካለም ገላ ውኃ የምናሞቅበት ነው፤ በመጨረሻዎቹ ወራት ቀኑን ሙሉ አይጠፋም ነበር። ትንሽ ቆጥሬው ይሆናል። አልቆጠርኩትም።

የካቲት 17

ለማርያማዊት ደወልኩ። ስለ ታሪፉ ነገርኳት። «አባዬ፣ አሁን ምን ልታደርግ ነው?» አለች። «ደንቡ ይሻሻላል» አልኳት። «ስለ ደንቡ አልጠየቅኩህም» አለችኝ።

የካቲት 18

ሰዓድ ዘንድ ሄድኩ። ሱሪ ያሳጥር ነበር፤ እግሩን ከመኪናው ፔዳል ላይ ሳያነሣ አደመጠኝ።

«ጋሼ፣ እኔኮ ከፍያታለሁ።»

«እኔም ከፍያለሁ። ያነሰ ነው የከፈልነው።»

«እሷ አነሰ አላለችም።»

«አላለችም» አልኩት። መኪናው መዞር ቀጠለ።

ተሻለች ቤት ደግሞ ሌላ ነው። ዱቄት እጇን ሳትታጠብ አንጠልጥላ ቆመች። «ገመድ ስቤ ነበር ብዬ በአደባባይ ልናገር? ሕገ ወጥ ነው እኮ! ነገ እኔንም ይቆርጡኛል። አራት ልጅ በዚህ ምድጃ ነው የሚበላው፣ ጋሼ።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ቁልፏን ስትሰጠኝ እጇ እንዴት እንደቀዘቀዘ ባዩ…» ብላ ተወችው። ዳቦ ጠቅልላ ሰጠችኝ። አልቀበልም አልኩ። ተቀበልኩ።

የካቲት 19

ስብሰባ ነበር። በጸሐፊነት ወንበር ላይ ተቀምጬ መናገር ስላልፈለግሁ ብዕሩን ለሌላ ሰው ሰጥቼ ተነሣሁ። ሰው ፊት መናገር ለእኔ አዲስ አይደለም፤ ይህ ግን አዲስ ነበር።

አምና ገመድ ከዑምኩልሱም መስኮት ወደ ቤቴ ይመጣ እንደነበር ተናገርኩ። በእሷ ስም የመጣው ዕዳ የአራት ቤት መሆኑን፣ ይህን እያወቅሁ ደንቡን እንዳረቀቅሁ፣ ሲሳለቁባት ቃለ ጉባኤ እየጻፍኩ ዝም እንዳልኩ ተናገርኩ። ሁለቱን ሌሎች ቤቶች ስም አልጠራሁም።

ሽታው «እርስዎም ገመድ ይስቡ ነበር፣ ጋሼ?» አለ፤ ተማሪ ያስኮረጀ መምህር የያዘ ይመስል ነበር ፊቱ።

«እስብ ነበር።»

«ሌሎቹስ እነማን ናቸው?»

ሰዓድ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔን ከሆነ የምታዩኝ፣ በዚያን ጊዜ ሱቄን ዘግቼ ነበር» አለ።

ተሻለች ከተቀመጠችበት ተነሣች። «ኧረ ሰዓድ! የአምናዋን የፋሲካ ቀሚሴን በየትኛው መብራት ሰፋህልኝ ታዲያ? በጨረቃ?»

ሳቁ ከአንድ ጥግ ጀምሮ አዳራሹን ሞላው። ሰዓድም ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም፤ መዳፉን በፊቱ ላይ አሳለፈ። «አፉ በሉኝ» አለ። «ቅሬው አፉ ይበለኝ። ስቤያለሁ።» «እኔም ስቤያለሁ!» አለች ተሻለች፣ «የሚቆርጠኝ ይቁረጠኝ!» ብላ ቁጭ አለች። እያለቀሰች ነበር።

ደንቡ ተሻሻለ። የዑምኩልሱም ቆጣሪ እንደ አራት ቤት ይቆጠራል፤ አራት ድርሻ ይወጣለታል። የሚቀረውን ሦስታችን እንከፍላለን፤ እሷ አንድም አትከፍልም። ጁማ ሳይቀር እጁን አወጣ። ስንወጣ ቀርቦኝ «ጋሼ፣ እኔ ለቀልድ ነበር» አለኝ። «አውቃለሁ» አልኩት። «ተራ ቁጥሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

ግን አንቀጽ አራት ሊሻሻል አልቻለም፤ የላኪዎቹ ነው። ባለቆጣሪዋ ራሷ መጥታ ትፈርም ይላል።

የካቲት 24

ስልኳ አይሠራም። በሦስት ሰው መልእክት ላክሁ። የደረሰ የለም፣ ወይም የደረሰው አልመለሰም።

መጋቢት 2

ምንም የለም። ከዕቃ ቤቱ በር ላይ የማጣበቂያው ምልክት አልለቅ ብሏል። በቢላ ፋቅሁት። ቀለሙ አብሮ ተላጠ።

መጋቢት 6

ውጫሌ ደርሼ መጣሁ። የገበያ ቀን ነበር፤ ባጃጁና አህያው ተደባልቆ መንገድ አይሰጥም። ዑበይዱላህን እህል ተራ አገኘሁት። ማሽላ እየሰፈረ ነበር። ማንነቴን ነገርኩት፤ ቁናውን እስኪሞላ፣ አፉን በእጁ እስኪያስተካክል ቀና አላለም።

«የእህቴን ስም በር ላይ የለጠፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«አንደኛ ያወጧት?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ትምህርት ቤት እያለችም እርስዎ ነበሩ ያስተማሯት» አለኝ። «ሒሳብ አይገባትም ነበር፤ ማታ ማታ ታለቅስ ነበር። ግን ጎረቤቶቿ መሐል እርስዎ ስላሉ ትኮራ ነበር፣ ያውቃሉ? ‹ጋሼ ቤቴ እየመጡ መድኃኒት ይወስዳሉ› ትል ነበር። እንደ ክብር ነው የምትቆጥረው።»

የቅሬውን ውሳኔ አስረዳሁት። በጥሞና ሰማኝ፤ የሚከፈለውን ሲሰማ ፊቱ ትንሽ ለሰለሰ። ግን «እሷ ከሐይቅ ሰው ጋር መነጋገር አልፈልግም ብላለች» አለኝ። የት እንዳለች ጠየቅሁት። «ሥራ ላይ ናት» አለኝ። «ሰሐን ታጥባለች፤ መናኸሪያው አጠገብ። ልጅቱ ትምህርት አልጀመረችም። መጻፍ ከፈለጉ ይጻፉ። አደርሳለሁ። ማንበብ ትችላለች።» አልጨበጠኝም፤ ግን ለመንገድ አንድ ኪስ ሽምብራ ቀዳልኝ። ወሎ ውስጥ ተቆጥተውም ባዶ እጅ አይሸኙም።

መናኸሪያው አጠገብ ያለው ምግብ ቤት የጓሮው በር ክፍት ነበር። ጎንበስ ብላ አየኋት። ጀርባዋን ነው ያየሁት፤ እጅጌዋን እስከ ክንዷ ሰብስባ፣ እንፋሎቱ መሐል። ቀና ብትል ታየኝ ነበር። ሐይቅ የሚሄደው መኪና ረዳት «ሐይቅ! ሐይቅ! ሁለት ሰው!» እያለ ይጮህ ነበር። በዚያ ጩኸት ምክንያት አልጠራኋትም ብል ውሸት ይሆናል።

ተሳፈርኩ።

መጋቢት 7

ለምን አልጠራኋትም? ከማልጠራት ይልቅ… አላውቅም። ነገ እጽፋለሁ።

መጋቢት 14

ረመዳን ዛሬ ገባ። አሁን ሰፈሩ በሁለት ጾም ላይ ነው። ማታ ተሻለች ዳቦ ይዛ ለሰዓድ ቤት ማፍጠሪያ ስትወስድ አየሁ። ፊት ለፊት የዑምኩልሱም ቤት ጨለማ ነው። ከሰፈሩ ቤት ሁሉ እሱ ብቻ ጨለማ ነው።

ደብዳቤውን አራት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩ። የመጀመሪያው እንደ ማመልከቻ ሆነብኝ። ሁለተኛው ስለ ታሪፍ ትምህርት። ሦስተኛው ስለ ሰርካለም ብቻ ሆነ። አራተኛው ይቅርታ ብቻ፣ የምትፈልገው ነገር ምንም የሌለበት።

መጋቢት 16

ዛሬ ጨረስኩት። ጁማ ነገ ወደ ውጫሌ የሚሄድ አለኝ ብሎ «እኔ ራሴ አስይዘዋለሁ» አለኝ። እንዳይጠፋ እዚህ ገልብጬዋለሁ።

ለወይዘሮ ዑምኩልሱም፣ ውጫሌ።

ሰላም ላንቺና ለፈዲላ ይሁን። ረመዳኑን በሰላም ያስፈጽማችሁ።

መጀመሪያ የሚያስፈልግሽን ልጻፍ። ዕዳው በአንቺ ስም መጣ እንጂ የአንቺ አይደለም። የአራት ቤት ነው፤ ቅሬው ይህን ተቀብሎ በቃለ ጉባኤ አስፍሯል። ከአዲስ አበባ ከመጣው ገንዘብ አራት ድርሻ ይከፈላል፤ የቀረውን ሰዓድ፣ ተሻለችና እኔ እንከፍላለን። ከአንቺ የሚጠበቀው መጥተሽ መፈረም ብቻ ነው። ቀኑ መጋቢት 30 ነው፤ ከዚያ ካለፈ ድርሻው ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዳል፣ እኔም ላስቆመው አልችልም። ሱቅሽ ባለበት ነው። ተሻለች ጠርጋዋለች። የፈዲላን ነገር ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተነጋግሬያለሁ፤ ከዚህ ሳምንት ካላለፈ ከክፍሏ አትቀርም፤ ያመለጣትን እኔ ማታ ማታ አስጠናታለሁ።

ሁለተኛው የእኔ ነው። ስምሽን በር ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ተራ ቁጥሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሲስቁብሽ ገመዱ ወደ ቤቴ እንደሚመጣ አውቅ ነበር፤ አፌን ብከፍት አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ስሜ ንጹሕ እንዲሆን ብዬ የአንቺን ጣልኩት። ይህን በቅሬው ፊት ተናግሬያለሁ፤ ግን እዚያ አልነበርሽም፣ ለአንቺ ያልተነገረ ደግሞ እንዳልተነገረ ነው። አፉ በይኝ።

ውጫሌ መጥቼ ነበር። አይቼሻለሁ። አልጠራሁሽም። እንድታውቂው ነው የጻፍኩት፤ ምክንያት አላቀርብም።

የሰርካለምን መድኃኒት ከሐምሌ ጀምረሽ ያን ሁሉ ጊዜ ለማን እንዳስቀመጥሽው እስካሁን አልጠየቅሁሽም። አሁንም አልጠይቅሽም። ብቻ አስቀምጪው ያለሽ ሰው አልነበረም፤ አንቺ ግን አልጣልሽውም። ሌላ ሰው ያን አያደርግም ነበር።

እንድትመጪ አላስገድድሽም። የማትመጪ ከሆነ ለፈዲላ የትምህርት ማስረጃዋን ላስወጣና ውጫሌ ላስገባት። ወንድምሽ በምትክሽ ልፈርም ካለም ላኪዎቹን ለማስፈቀድና ውክልና ለመጻፍ ጊዜ ያስፈልጋል። እኔን ማየት የማትፈልጊ ከሆነ የምትፈርሚ ቀን ከቢሮው እርቃለሁ፤ ሽታው ያስፈርምሻል። የትኛውንም ብትመርጪ አደርገዋለሁ፤ ዝም ካልሽኝ ግን አንዱንም ማድረግ አልችልም፤ ቀኑም እየሄደ ነው። ተቆጥተሽም ቢሆን፣ በአንድ መስመር ቢሆን፣ በፈዲላ እጅም ቢሆን፣ ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ መልስሽን በቶሎ ላኪልኝ።